ቦታው የማን ነው?



በዚህ እትም ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ሲለካ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር። በምንኖርበት በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ደንብ፥ ከ22 በላይ መንገደኞች በሚጭኑ የመደበኛ መስመር አውቶቡሶች ውስጥ፥ በተለምዶ ዊልቸር የምንለውን ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው ቢያንስ ይህን የሚያህል ቦታ እንዲኖር ያዝዛል። ስለዚህች ጠባብ ቦታ መጻፍ ያስፈለገን ሌላ ሰው ሲበድልባት ስላየን አይደለም፤ እኛው በላይዋ ቆመን ስለ ተገኘን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከደብራችን ምእመናን ብዙዎቻችን የምንኖረው ከከተማው ወጣ ባሉ መንደሮች ነው። የቤት ኪራዩ በዚያ ይቀላል፤ ሥራችን ግን በከተማው ውስጥ ነው። ከፊላችን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፥ ከፊላችን በዕቃ መጋዘን፥ ከፊላችንም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እንሠራለን። ወደ ከተማ የሚወስደን አውቶቡስ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ከመንደር መንደር እየዞረ ሰው ሲለቅም ቆይቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ መቀመጫ የሚባል ነገር አይገኝበትም።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ከእኛ መካከል ሦስት ሰዎች በዚያ አውቶቡስ ተሳፍረን ነበር። ሌላ መቆሚያ ስላልነበረ የቆምነው የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት በተሣለባት ቦታ ላይ ነው። ከሁለት ፌርማታ በኋላ አንድ ታላቅ ወንድማችን ቆመው ሲጠብቁ አየናቸው ልንል ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚጠብቁት ተቀምጠው ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት አንድ እግራቸውን ካጡ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳሉ፤ በከተማውም በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሾፌሩ የፊተኛውን በር ከፈተ፤ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ፤ «ሞልቷል፥ የሚቀጥለውን ይጠብቁ» አላቸው፤ በሩንም ዘጋው። ሁሉም የግማሽ ደቂቃ ነገር ነበር። የሚቀጥለው አውቶቡስ ግን የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡም ያካፋ ነበር።

እኛስ ምን አደረግን? አንዳችን ስልኩን ማየት ጀመረ። አንዳችን ቦርሳዋን ከፍታ ያልጠፋባትን ነገር ትፈልግ ጀመር። ሦስተኛው ከሰው ጀርባ ተከለለ። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ይቅርታ ልንጠይቃቸው ቀረብን። እርሳቸውም ያለ አንዳች ቁጣ፥ «ቦታ ስላጣሁ አላዘንኩም፤ ቦታ የሚታጣበት ቀን አለ። ያዘንኩት እያያችሁኝ ዐይናችሁን ስላሸሻችሁ ነው» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ሰንብቷል። በእርግጥ በድለናልን? ከበደልንስ በደሉ ምን ይባላል? የማንንም መቀመጫ አልነጠቅንም፤ ማንንም ከአውቶቡስ አላስወረድንም፤ ውረዱ ተብለንም እምቢ አላልንም። ታዲያ የሸሸነው ከምንድን ነው?

በዚህ አገር ይህን የሚመስል ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2012 ዳግ ፖሊ የተባሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰው፥ ከዌዘርቢ ወደ ሊድስ የሚሄድ አውቶቡስ ለመሳፈር ቀረቡ። ከሊድስ በባቡር ወደ ስቴሊብሪጅ ተሻግረው ከወላጆቻቸው ጋር ምሳ ለመብላት ቀጠሮ ነበራቸው። በቦታው ላይ ግን አንዲት እናት ሕፃን የተኛበት ጋሪ አቁማ ነበር። ሾፌሩ ጋሪውን አጥፋ ቦታውን እንድትለቅ ጠየቃት፤ ጋሪው እንደማይታጠፍ ነገረችው። ፖሊ የራሳቸውን ወንበር አጥፈው በተራ መቀመጫ ለመቀመጥ ቢጠይቁም፥ ወንበሩን የሚያስሩበት ደኅና ዘዴ ስላልነበረ አልተፈቀደላቸውም። የሚቀጥለውን አውቶቡስ ጠበቁ፤ ባቡራቸውም አመለጣቸው።

ሰውዬው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። በሊድስ የተቀመጠው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረደላቸው፤ 5,500 ፓውንድ ካሣም ወሰነላቸው። ኩባንያው ይግባኝ ብሎ በዲሴምበር 2014 አስገለበጠው። በመጨረሻም ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 18 ቀን 2017 ፍርዱን ሰጠ። ሾፌር አንድ ጊዜ ጠይቆ እምቢ ሲባል ዝም ብሎ መንዳቱ በቂ አይደለም፤ እምቢታው ያለ በቂ ምክንያት መሆኑን ካመነ ልመናውን ወደ ትእዛዝ ሊያጠነክረው፥ ቢያስፈልግም አውቶቡሱን ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ ሊጠብቅ ማሰብ አለበት አለ። ይሁን እንጂ መንገደኛን በግድ የማስወረድ ግዴታ አልጣለበትም፤ ካሣውንም በአራት ለሦስት ድምፅ ከለከለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቢቆም ምን ይሆናል? ሾፌሩ ፖሊስ አይደለም። የሚሆነው ነገር ቢኖር ሌሎቹ ተሳፋሪዎች እምቢ ባዩን ማየታቸው፥ እምቢ ባዩም መታየቱ ነው። እንግዲህ እነዚያ ሊቃውንት ዳኞች ብዙ ከመረመሩ በኋላ መጨረሻ ላይ የተማመኑት በተሳፋሪው ሕዝብ ኅሊና ነው ማለት ነው። ሕጉ እስከ ሾፌሩ ወንበር ድረስ መጥቶ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው የእኛ ድርሻ ነው።

የእኛ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በዌዘርቢው አውቶቡስ ላይ ቢያንስ አንድ የተጠየቀ ሰው ነበር። በእኛ አውቶቡስ ላይ ግን ማንም አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ማንም እምቢ አላለም። ከሠላሳ በላይ ሰዎች ነበርን፤ አንድም ክፉ ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ሰው ዝናብ ላይ ቀረ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህን የምንናገረው ስለ መረዳዳት ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በዚያ ሰኞ ምሳሌው ተገላቢጦሽ እንዳለው ተማርን። ጥፋትም ለሃምሳ ሲከፋፈል እንደዚያው ይቀላል። እያንዳንዱ አንዲት ሎሚ ይዞ ይወርዳል፤ ክብደቷም አይሰማውም። ሃምሳውን በአንድነት የተሸከመው ግን በፌርማታው የቀረው ሰው ነው።

በክርክራችን ጊዜ ከተነሡት መልሶች አንዳንዶቹ ቀላል አልነበሩም፤ ስለዚህ እንደ ተነገሩ እናቀርባቸዋለን።

አንደኛው፥ «ሁላችንም እኩል ከፍለናል፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሳፈራል፤ ፍትሕም ይኸው ነው» የሚል ነው። ተራ መጠበቅ በእርግጥ ፍትሕ ነው፤ ይሁን እንጂ ፍትሕ የሚሆነው እኩል ምርጫ ባላቸው ሰዎች መካከል ነው። ሁለት እግር ያለው ሰው በመተላለፊያው፥ በደረጃው አጠገብ፥ በዘንጉ ሥር፥ በየትም መቆም ይችላል። እኒህ ወንድማችን ግን በዚያ ረጅም አውቶቡስ ውስጥ ሊሆኑ የሚችሉበት ስፍራ አንድ ብቻ ነው። ብዙ ስፍራ ያለው ሰው አንድ ስፍራ ያለውን «ተራህን ጠብቅ» ሲለው ቃሉ የእኩልነት ቃል ይመስላል፤ ሥራው ግን አይደለም።

ሁለተኛው፥ «ሕፃን የያዘችዋ እናትስ?» የሚል ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። በአንድ ክንዷ ልጅ፥ በሌላው ከረጢት ይዛ የተኛ ሕፃን ከጋሪ ያወጣች እናት ምን ያህል እንደምትቸገር የምናውቅ ብዙዎች ነን። ነገር ግን እናቲቱንና አካል ጉዳተኛውን ፊት ለፊት አቁመን ከሁለቱ ማን ይለፍ ብለን ስንፈርድ፥ በዙሪያቸው በምቾት የተቀመጡትን ሠላሳ ሰዎች ከጥያቄው አውጥተናቸዋል። ሁለት ደካሞች ስለ አንዲት ቦታ እንዲጣሉ ትተን ብርቱዎቹ እንደ ዳኛ እንመለከታለን። አንዱ ተነሥቶ መቀመጫውን ለእናቲቱ ቢሰጥ፥ አንዱ ጋሪውን ቢያጥፍ፥ አንዱ ከረጢቷን ቢይዝ፥ የሁለቱ ጠብ ከመጀመሩ በፊት ያልቅ ነበር።

ሦስተኛው፥ «ወርደን ቦታ ብንለቅ እንዘገያለን፤ ብንዘገይ ደመወዛችን ይቆረጣል» የሚል ነው። ይህንንም አንንቀውም። ከእኛ መካከል በሰዓት እየተቆጠረ የሚከፈለው፥ ሁለት ጊዜ ቢዘገይ ሦስተኛ የማይጠራ ሰው አለ። ነገር ግን የሒሳብ ሠራተኛውም ደመወዝተኛ ናቸው። እኛ የምንፈራው መዘግየት በእርሳቸው ላይ ስንት ጊዜ እንደ ደረሰ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ብንጠይቅ፥ በወር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ መሆኑን፥ ስለዚህም ዘወትር ከሚያስፈልጋቸው አንድ ሰዓት ቀድመው እንደሚወጡ ነገሩን።

አራተኛው፥ «ጥፋቱ በሰዓት አንድ አውቶቡስ የሚመድበው አካል ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። በትልቅ ከተማ የሚቀጥለውን ጠብቅ ማለት ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በገጠር ግን ያው ቃል አንድ ሙሉ ሰዓት ይወስዳል፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ከሆነማ ሌሊቱን ይወስዳል። ለአካባቢው ምክር ቤት አቤት ማለት ይገባናል። ሆኖም የበላዮች ጥፋት የእኛን ትንሽ ድርሻ አይሰርዝልንም። አውቶቡሱ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ መምጣቱ ያችን ቦታ ይበልጥ የተከበረች ያደርጋታል እንጂ አያረክሳትም።

በክርክራችን መካከል አገር ቤትም መነሣቱ አልቀረም። «በእኛ አገር እንዲህ አይደረግም ነበር» ያለ ነበር። ረዳቱና ተሳፋሪው ተጋግዘው ሰውየውን በክንዳቸው አንሥተው ያስገቡታል፤ ወንበሩን ከጣራው ላይ ከዕቃው ጋር ይጭኑለታል፤ ሲደርስም እንደዚያው አድርገው ያወርዱታል። ይህ እውነት ነው፤ የምንኮራበትም ነው። በዚያ መወጣጫ አልነበረም፤ እጅ ግን ነበር። በዚህ መወጣጫ አለ፤ እጅ ግን ጠፋ እያልን ስናደንቅ ወንድማችን ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጨመሩልን። «በሰው ክንድ የሚሄድ ሰው የሚሄደው ሰው ሲፈልግ ነው። እናንተ የምታስታውሱት የተሸከማችሁትን ነው፤ ከቤቱ ሳይወጣ የቀረውን ግን አላያችሁትምና ልታስታውሱት አትችሉም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከእኛ ትውልድ መንደር ስንት ሰው ከጓዳ ሳይወጣ እንዳረጀ ማን ቆጠረ?

ከዚህ የተነሣ በልመናና በመብት መካከል ያለውን ልዩነት ማሰብ ግድ ሆነብን። እኛ ስደተኞች ይህን ልዩነት ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የመኖሪያ ወረቀት እስክናገኝ ድረስ በየመስኮቱ ፊት ቆመን የጸሐፊውን ፊት ስናነብ ኖረናል፤ ዛሬ ደግ ነው ወይስ ተቆጥቷል እያልን። ደግ ሰው ስናገኝ መርቀን ወጥተናል። ነገር ግን ከእነዚያ ደጋግ ሰዎች መካከል ማንም፥ በሕግ ቆመን «ይህ ይገባናል» የማለትን ያህል ቀና አላደረገንም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መብቱ በየፌርማታው፥ በየጠዋቱ፥ በማያውቃቸው ሠላሳ ሰዎች ፊት እንደገና የሚለመን ከሆነ፥ ወረቀቱን በየቀኑ እንደሚለምን ስደተኛ ነው።

ያች ቦታ ራሷም በልግስና የተገኘች አይደለችም። የእኛ ወገኖች በብዛት በሚኖሩባት በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ፥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1978 አሥራ ዘጠኝ አካል ጉዳተኞች ብሮድዌይና ኮልፋክስ በተባሉ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ በአውቶቡሶች ፊት መንገድ ዘግተው አድረዋል። አውቶቡሶቹ መወጣጫ አልነበራቸውምና። የአሜሪካው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የታወጀው ከዚያ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990 ነው። በእንግሊዝም ቀደም ብለን ያነሣነው ደንብ በአንድ ፎቅ አውቶቡሶች ሁሉ ላይ ሙሉ በሙሉ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2016፥ በባለ ሁለት ፎቆቹ ላይ ደግሞ በ2017 ነበር። በዚያች ትንሽ ወለል ላይ እንደ ዘበት ስንቆም፥ ሰዎች ብዙ ዓመት የታገሉላትን ነገር ነው የረገጥነው።

የመጻጉዕን ነገር በየዓመቱ በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት እንሰማለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ የኖረው ያ ሰው፥ ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ወደ ውኃው የሚያገባው ሰው ማጣቱን፥ እርሱ ሲቃረብም ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። ይህን ወንጌል ስንሰማ የሚቀድሙትን ሰዎች ክፉዎች አድርገን እናስባቸው ነበር። ከዚያ ሰኞ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየን። የሚቀድሙትም ሕሙማን ነበሩ፤ እነርሱም ችግር ነበረባቸው፤ እነርሱም ይቸኩሉ ነበር። ማንም መጻጉዕን አልጠላውም። ብቻ አላዩትም። ያ ሰው የጎደለው ውኃ አልነበረም፤ ሰው ነበር። በእኛ አውቶቡስም ላይ የጎደለው ወለል አልነበረም።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው አውቶቡስ እንደዚያው ሞልቶ በዚያው ፌርማታ ቆመ። በዚህን ጊዜ ከእኛ አንዷ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ድምጿን ከፍ አድርጋ፥ «እባካችሁ፥ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው፥ እንጠጋጋ» አለች። መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ከረጢታቸውን ከመተላለፊያው አነሡ፤ ሁለት ተማሪዎች ወደ ኋላ ሄዱ፤ ሌሎች ከወለሉ ላይ ተነሥተው በዘንጉ ሥር ተጠጋጉ። ሾፌሩ መወጣጫውን ዘረጋ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ወንድማችን ገቡ። ሠላሳው ሰው ሁሉ ፈቃደኛ ነበር ማለት ነው፤ የጠፋው የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብለን ግን አናታልላችሁም። በጥር ወር አንድ ቀን አውቶቡሱ በእውነት ሞልቶ ነበር፤ መጠጋጋትም አልተቻለም። ከእኛ ሁለት ሰዎች ወረድንላቸው፤ ያም አልበቃም፤ በሩ ተዘጋ። ሦስታችንም በፌርማታው ቀርተን ሰዓቷን አብረን ጠበቅን። ከሁለታችን የአንዳችን ደመወዝ በዚያ ቀን ተቆርጧል። ወንድማችን ስለዚህ ሲያዝኑ፥ የተቆረጠበት ሰው፥ «ጋሼ፥ ዛሬ ገና ሎሚዬ ከበደችኝ» አላቸው።

እነሆ ለደብራችን የምናቀርበው ሐሳብም ከዚህ የወጣ ነው። በየዓመቱ ለንግሥ በዓል ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ የምንከራየው አውቶቡስ መወጣጫ የለውም። ዋጋው ስለሚቀንስ መረጥነው፤ ወንድማችንም ሁለት ዓመት ቀሩ፤ ማንም «አይምጡ» አላላቸውም። እዚያም ላይ እምቢ ያለ ሰው የለም። ለመጪው በዓል መወጣጫ ያለው አውቶቡስ እንዲከራይ፥ የሚጨመረው ዋጋ በሁላችን ላይ እንዲካፈል፥ ይህም በሰበካ ጉባኤ እንዲወሰን እንጠይቃለን። ዋጋው ሲካፈል ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው አንዲት ሎሚ ነው። ወንድማችንም እንዲለምኑን አንጠብቅ፤ ስማቸውን ከመንገደኞቹ መዝገብ ላይ አስቀድመን ጽፈነዋል።